አካፋችንን መልሱልን፦ ለወረዳችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በግቢያችሁ ስለተቆለፈው የእሳት ማጥፊያ ዕቃና ስለ በጎ ፈቃደኞቹ

የተከበራችሁ የወረዳችን አስተዳዳሪዎችና የሥራ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከኮተቤ በላይ፣ የተራራው ባሕር ዛፍ ከቤታችን አጥር ጋር በሚገናኝበት ሰፈር የምንኖር 23 በጎ ፈቃደኞች ነን። ሹፌር አለን፣ መምህር አለን፣ ግንበኛ፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ጡረተኛም አለን። እኔ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቡድኑን የማስተባብረው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ጫካው ላይ እሳት ሲነሣ ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን። ደመወዝ የለንም፤ ጠይቀንም አናውቅም።

በአደባባይ ለመጻፍ ያበቃን ጥር ላይ ያስተላለፋችሁት ውሳኔ ነው። ከጫካው ሥር፣ የእድሩ ድንኳን ከሚቀመጥበት ቤት ጎን፣ አንዲት ትንሽ ኮንቴይነር ነበረችን። «ለቁጥጥር እንዲያመች» ተብሎ ዕቃው በሙሉ ተጭኖ ወደ ወረዳው ግቢ ሄደ። 14 አካፋ፣ 9 ዶማ፣ 6 ገጀራ፣ በጀርባ የሚታዘሉ 4 የውሃ መርጫዎች፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። አብዛኛው በራሳችን መዋጮ የተገዛ ነው። ግቢያችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጭራሽ ሰው የለም።

ሦስት ጊዜ በአካል መጥተናል። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተናል። መልሱ «ይታያል» ነው። ዓመቱን ሙሉ የሆነውን መዘርዘር አንፈልግም። ያለፈውን አንድ ሳምንት ብቻ እንንገራችሁ።

ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የእድራችን ጡሩንባ ተነፋ። በዚያ ሰዓት ጡሩንባ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማን እንደሞተ ነው። በሩን ስከፍት ግን ጭሱ ተቀበለኝ። ሌሊት አየሩ ከተራራው ወደ ታች ስለሚወርድ ጭሱ ከእሳቱ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ባለቤቴ ልጆቹን ቀሰቀሰች። እኔ ወጣሁ።

ሁለት ልጆች በባጃጅ ወደ እናንተ ግቢ በረሩ። በር ላይ ያሉት ጥበቃ አዛውንት ናቸው። የግቢውን በር ወዲያው ከፈቱላቸው። «ልጆቼ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ የለም፤ ንብረት ክፍል ነው ያለው» አሏቸው። በራሳቸው ስልክ ደወሉ። የኃላፊዋ ስልክ ዝግ ነው። በዚያ ሌሊት ስልኳን ዘግታ የተኛችን ሰው ማንም ሊወቅስ አይችልም። አዛውንቱም ከልጆቹ እኩል ተጨንቀው ነበር። ችግሩ ሁለቱም ሰዎች ጋ አይደለም። የአርባና የሃምሳ ቤት ደኅንነት በአንድ ሰው የቁልፍ መያዣ ላይ እንዲንጠለጠል የተወሰነ ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው።

አካፋን ይህን ያህል የምንጮኽለት ለምን እንደሆነ ሳትገረሙ አትቀሩም። ለጫካ እሳት ዋናው መሣሪያ አካፋና ዶማ ነው። ውሃ ኋላ ነው የሚመጣው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረቱን እንዲያቃልል የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ በማገዶነቱ ማንም አይደርስበትም። ቅጠሉ ዘይት አለው። ልጡ እየተላጠ ይንጠለጠላልና ሲቃጠል በነፋስ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል። በዚህ ወቅት መሬቱ ላይ የተከመረው ደረቅ ቅጠል ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ይሄንን የሚያቆመው ከእሳቱ ፊት ቅጠሉ ተጠርጎ ባዶ አፈር የወጣበት መስመር ነው። መስመር ደግሞ በጣት አይቆፈርም።

ያን ሌሊት ባዶ እጃችንን ነበርን። እርጥብ ቅርንጫፍ እየቆረጥን መታነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥቂት ከመቱበት በኋላ ራሱ ይያያዛል። ከየቤቱ አካፋ፣ መጥረጊያ፣ እጀታው የተሰበረ ዶማ እስኪሰባሰብ 40 ደቂቃ ሄደ። እሳት ዳገት ሲያገኝ ይሮጣል፤ ያዳነን እሳቱ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች መምጣቱ ነው። ያም ሆኖ የአንዲት እናት የላም በረት ተቃጠለ። ላሟንና ጥጃዋን አውጥተናል። እስከ ክረምት ያስቀመጡት ድርቆሽ ግን አንድም አልተረፈ። ወተት ሸጠው ነው የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት። ግንበኛው ጓደኛችን ደግሞ ሁለቱም መዳፉ ተቃጥሏል። ጓንቱ የት እንደነበር ታውቃላችሁ።

ማክሰኞ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ገበታዬ ላይ ነበርኩ። ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ ነው የሄድኩት። ጭስ ግን ከጸጉር ቶሎ አይለቅም። በመሥሪያ ቤታችን 4 ሰዓት ላይ ቡና አለ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፤ አንዲት ታላቃችን የሆነች የሥራ ባልደረባችን ታፈላለች። ሥኒውን ስትሰጠኝ «ወንድሜ፣ ዛሬም አልተኛህም አይደል?» አለችኝ። ነገርኳት። የእናትየዋን በረት ነገርኳት፣ የግንበኛውን መዳፍ ነገርኳት። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ጀሞና አየር ጤና አካባቢ ነው የሚኖሩት። የኛን ጫካ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ግን ዝም ብለው አልሰሙኝም። እሷ ብድግ ብላ «የዚህ ወር የቡና ብራችን ለጓንት ይሁን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሻይ እንጠጣለን» አለች። ማንም አልተቃወመም። ከሰዓት አሥር ጥንድ የቆዳ ጓንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እውነቱን ልናገር፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ይሄን የምጽፈው እናንተን ከእነሱ ጋር ለማወዳደር ብዬ አይደለም። ጀሞ ያለ ሰው የገባው ነገር እዚሁ ላላችሁት ይጠፋችኋል ብዬ ስለማላምን ነው።

በዚያው ማክሰኞ ጧት ሌሎቹ ጓደኞቼ ዕቃውን ለማውጣት ቢሯችሁ መጡ። የጫካ እሳት ነበልባሉ ስለጠፋ አለቀ ማለት አይደለም። ጉቶ ውስጥ፣ ሥር ውስጥ፣ ከቅጠል ክምር ሥር ተደብቆ ይቆያል። አንድ በአንድ እየቆፈሩ፣ አፈሩን እየገለበጡ፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን እየለኩ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ከማጥፋቱ የሚብሰው ይሄ ሥራ ነው። የተሰጣቸው መልስ ማመልከቻ አስገቡ፣ ይመራል፣ ከዚያ ሞዴል 22፣ የዕቃ ማውጫ ደረሰኙ፣ ይቆረጣል የሚል ነበር። አምስት አካፋ እጃቸው ሲገባ ቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ቢሮ ሳይዘጋ፣ 11 ሰዓት ላይ መልሱ ተባሉ። ደረሰኝ ላይ ስለፈረሙ መለሱ። ከተቃጠለው መሬት ሲሶውን እንኳ አላዳረሱም።

ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ሲነሣ እሳቱ ከአንድ ጉቶ ተነሣ። ማክሰኞ ያልደረስንበት ጉቶ ነው።

በዚህኛው ጊዜ ወደ 939 ደወልን። የእሳት አደጋ መኪናው ሳይዘገይ መጣ። ግን ሰፈራችን መግቢያ ላይ ቆመ። ባለፈው ዓመት «ለጸጥታ» ተብሎ የተሠራው የብረት በር ጠባብ ነው፤ ሚኒባስ ያሳልፋል፣ ትልቅ መኪና አያሳልፍም። ከበሩ አልፎ ደግሞ የመንገድ ሥራው ትቶት የሄደ የአፈርና የድንጋይ ክምር አለ። ሠራተኞቹ ወርደው ቱቦውን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ቱቦው አልበቃም። የመኪናው ውሃ ሰፈሩ በር ላይ ቀርቶ እነሱ ከኛ ጋር በአካፋ ሠሩ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪኖቹ በመንገዱ መጨናነቅ ምን ያህል እንደተቸገሩ ከተማው ሁሉ አይቷል። እኛ ጋ ገበያ የለም፣ ሕዝብ አይጋፋም። የዘጋው አንድ በርና አንድ ክምር ነው። በአንድ ቀን ሥራ የሚነሣ ነገር ነው።

ውሃውም እንደዚሁ። ከእድሩ ቤት ጀርባ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ያስቀመጠው ለእሳት ብቻ ነው። የመንገድ ሥራው መስመሩን ከቆረጠው ወዲህ ባዶውን ቆሟል። ውሃ በፈረቃ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚመጣልን። ያን ቀን እናቶች ለልብስና ለወጥ ያጠራቀሙትን በጀሪካን ይዘው ዳገት ወጡ። አንዷ ሽሮና ቆሎ ይዛ መጣች፤ ጾም ነውና እስከ 9 ሰዓት ያልቀመስን ብዙ ነበርን። ረመዳን የሚጾመው ሹፌሩ ጓደኛችን ማፍጠሪያው ሰዓት እዚያው እሳቱ ጠርዝ ላይ አገኘው። ሦስት ቴምርና ከጀሪካን የተቀዳ አንድ ኩባያ ውሃ ነበር ማፍጠሪያው። ፊቱ ጥቁር ብሎ፣ ቁጭ ብሎ ሲጠጣ እያየሁ፣ ይሄ ሰው ነገ 11 ሰዓት ሌሊት መኪናውን አስነሥቶ ሥራ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ወጥቷልም።

አሁን ስለ ሥራችን ልናገር። ይሄ ከአካፋው ባላነሰ ይጎዳናል።

መዳፉ የተቃጠለው ግንበኛ የቀን ሠራተኛ ነው። ማክሰኞ አልሄደም፣ ረቡዕም አልሄደም። ሐሙስ ሲሄድ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተተክቷል። ፋብሪካ የምትሠራው እኅታችን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አርፍዳ ሐሙስ ዕለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለየት ያለና ከባድ ጉዳይ ሲገጥም ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ አለው። ግን አሠሪው ማስረጃ ይጠይቃል። መጠየቁም ትክክል ነው። እሷ ማስረጃ ፍለጋ እናንተ ጋ መጣች። «በጎ ፈቃደኛ መሆንሽን የሚገልጽ መዝገብ የለንም» ተባለች። ቡድናችን የስም ዝርዝሩን ከነፎቶው ካስገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የዓመቱ የበጎ ፈቃድ ቀን ሲከበር በስም ዝርዝሩ እየጠራችሁን በሰልፍ ቆመናል። ስለዚህ ዝርዝሩ አለ። ፈልጉት።

እኔ ዕድለኛ ነኝ። አለቃዬ ሰው ነው። ግን ዓርብ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ሲወጣ የሽኝት ፕሮግራም ነበረን። ሥራ ስጀምር ሒሳብ አያያዙን ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዳቦው ታዟል፣ ጋቢ ተገዝቶለታል፣ ንግግሩን እንዳደርግ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። 8 ሰዓት ላይ ተደወለልኝ፤ ጉቶው እንደገና አጨሰ። አለቃዬ «ሂድ» አለኝ። ቀጥሎ ግን «ሰው ኃይል እየጠየቀኝ ነው፤ አንድ ደብዳቤ አምጣልኝ» አለ። ንግግሩን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወጣሁ። ማታ ስልኬን ሳየው የጋቢውን ፎቶ ልከውልኛል። ያ ሰው ከአሁን በኋላ ሰኞ አይመጣም። በአምስት አካፋና በሁለት ሰዓት ተጨማሪ ሥራ ማክሰኞ ሊጠፋ ይችል የነበረ ጉቶ ነው ከሽኝቱ የለየኝ።

ቅዳሜ ሰፈር ዋልን። የሳምንቱን ልብስ አጠብን፣ የእድር ስብሰባ ተቀመጥን፣ ለበረቱ መሥሪያ ቆርቆሮ አዋጣን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእንጨት ለቃሚ እናቶች ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ቢሯችሁ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብበውላቸዋል። ለእሳቱ መነሻ እነሱ ናቸው ይልና ጫካ እንዳይገቡ ይከለክላል። ይሄ ቅሬታ የእነሱ ቢሆንም እኛም አብረን የምናነሣው ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ጡሩንባው ሳይነፋ ጭሱን አይተው ከነገሩን ሰዎች አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። ከማንም በፊት ጧት 11 ሰዓት ላይ ጫካው ውስጥ የሚገኙት እነሱ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ተሸክመው የሚወርዱት ጭራሮና ቅጠል፣ ሳይለቀም ቢቀር የእሳቱ ምግብ ነው። ቅጠል ሁሉ ሲጠረግ አፈሩን ጎርፍ እንደሚወስደው እናውቃለን። የት ይለቀም፣ የት ይተው የሚለውን ባለሙያ ያስተምረን። ማባረር ግን ዓይናችንን ማጥፋት ነው።

እኛ ያየናቸውን መነሻዎች እንንገራችሁ። ከሰል አክሳዮች ጉድጓዱን ሳያጠፉ ይሄዳሉ። ማር ቆራጭ ችቦውን ጥሎ ይወርዳል። ከመብራት መስመሩ ጋር የተነካካ ቅርንጫፍ አለ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ እሱንም በጽሑፍ አመልክተናል። ደግሞ ኅዳር 12 አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ እየሰበሰብን እናጥናለን። የአያቶቻችን ነው፣ እንወደዋለን። እኛ ጋ ግን ቆሻሻው የሚከመረው ጫካው ጠርዝ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ የቆሻሻ መኪና ቀድማ ብታነሣልን፣ ለማጠኛው ደግሞ ከዛፍ የራቀ ቦታ ቢወሰን ዕለቱን ያለ ስጋት እናከብራለን።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ» ብለውናል። ባለሙያው እስኪደርስ እሳቱ አይቆምም። በ1992 ዓ.ም. የባሌ ደን ሲቃጠል ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ድረስ ሄደው ታግለዋል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ፣ ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ፣ ባለሙያዎቹ ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር የያዘው የአካባቢው ገበሬ ነው። እኛም የባለሙያውን ቦታ አንሻማም። እሱ እስኪደርስ ያለችውን ሰዓት ነው የምንሸፍነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ዕቃችን ወደ ጫካው ሥር ይመለስ። ቁጥጥሩን አንቃወምም። ዝርዝሩ ተይዞ፣ በየወሩ ይቆጠር፤ ጎደለ የተባለውን ከኪሳችን እንተካለን። ቁልፉ ሦስት ይሁን፦ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ የእድሩ ሰብሳቢ ጋ፣ አንዱ ለጫካው ቅርብ የሆነ ቤት። ኮንቴይነሯን ለማስመለስ ጊዜ ከወሰደ፣ እስከዚያው ለግቢው ጥበቃ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስጧቸው። ይሄ ዛሬ ማታ ሊደረግ የሚችል ነው።

የብረት በሩ ይስፋ፤ የአፈሩ ክምር ይነሣ። ጉልበቱን እኛ እናወጣለን፤ አንድ ሎደርና አንድ ገልባጭ መኪና ለግማሽ ቀን ይበቃል። የሮቶው መስመር ይቀጠል፤ እስኪቀጠል በሳምንት አንድ ቦቴ ውሃ ይሙላልን። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ብቻ።

ለ23ቱም በጎ ፈቃደኞች መታወቂያ ይሰጥ። እሳት በተነሣ ማግሥት፣ የተገኙት ሰዎች ስምና ሰዓት ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለአሠሪያቸው ይድረስ። ለፋብሪካዋ እኅታችንና ለግንበኛው ያለፈው ሳምንት ወረቀት አሁኑኑ ይጻፍላቸው። እሷ እስከ ሐሙስ መልስ እንድትሰጥ ታዛለች።

እንጨት ለቃሚ እናቶችን የሚወነጅለው ማስታወቂያ ይነሣና እነሱ ባሉበት ስብሰባ ይጠራ። በረታቸው ለተቃጠለባቸው እናት ደግሞ የድርቆሽ ድጋፍ እንዲደረግላቸው እንለምናለን። ቆርቆሮውን እኛ ጨርሰናል።

በመጪው ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ላይ ከእድሩ ቤት በላይ አራት ሜትር ስፋት ያለው መስመር መቆፈር እንጀምራለን። ከየጎረቤቱ የለመንነው 8 አካፋ አለን። ከእናንተ አንድ ሰው እንዲገኝና አካሄዱን አይቶ እንዲመዘግብ በአክብሮት እንጠይቃለን። ቢቻል የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ቡድን አስተባባሪ
በ23ቱ አባላት ስም

ግልባጭ፦
ለእድራችን ሰብሳቢ
ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ